አፉን የከፈተ ዓሣ

እጄ ፈጣን ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት ብዬ ነው። በደርግ ዘመን ሆሳዕና ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ቅጽል ስም ነበር፤ እዚህ አልጽፈውም፣ ከጥፊ ጋር የተያያዘ መሆኑን ግን አልደብቅም። የሳቀም፣ ያዛጋም፣ መልሱን የሳተም ያገኛታል። ጠመኔ ስወረውር ጆሮ አልስትም ነበር። ወላጆችም ልጃቸውን ይዘው ይመጡና «ከዓይኑ በቀር የእርስዎ ነው» ብለውኝ ይሄዳሉ። ስለዚህ የቆሸሸ የዓሣ ውኃ እንዴት እንደሚጠራ ላወራ ስነሣ ስለ ዱላም ማውራቴ አይቀርም፤ ሁለቱ የተገናኙብኝ አንድ ኮሪደር ውስጥ ነው።

ወንድሜ በሦስት ዓመት ያንሰኛል። ጤና ጣቢያ ውስጥ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ሲያጥብ ቁስለኛው እንቅልፍ የሚወስደው ዓይነት ሰው። የእሱን የመሰለ እጅና የእኔን የመሰለ እጅ ከአንድ እናት እንዴት እንደወጡ እግዜር ይወቀው። ቤተሰባችን ፕሮቴስታንት ነው። እኔ ኮሌጅ ስገባ ጸሎቱን ትቼ የውይይት ክበብ ውስጥ ገባሁ፣ እናቴም በዚህ ተቀይማኝ ነበር። ወንድሜ ግን የጸሎት ቤቱ በር በታሸገ ጊዜ ጭራሽ ባሰበት። ከጓደኞቹ ጋር ዛሬ በዚህ ሰው ቤት፣ ነገ በዚያ ሰው ቤት እየተደበቁ ይዘምሩ ጀመር።

የወሰዱት በጠራራ ፀሐይ ነው። ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ሦስት ሆነው ከጤና ጣቢያው በር አወጡት። አንዱ በሰደፍ አፉ ላይ መታውና ጋውኑ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ደም ሆነ። ጥርሱን ሲተፋ አይቻለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ነበር። ክፍል ውስጥ አንበሳ የሆንኩት ሰውዬ ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከትቼ ቆሜ ቀረሁ። የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ የሚሰበሰቡበትን ቤት ባለቤት ስም። ወንድሜ ያውቃል። እኔ አላውቅም፣ ለማወቅም አልፈለግሁም።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ የከተማው ካድሬ ይፈልግሃል ተባልኩ። ተራዬ ደረሰ ብዬ ከሱሪዬ ሥር ሁለት ቁምጣ ደርቤ ሄድኩ፤ ግርፊያ ያቀላል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ካድሬው ካኪ ለባሽ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ወደ ቢሮው አላስገባኝም። ኮሪደሩ ላይ፣ ባለጉዳይ ከሚቀመጥበት አግዳሚ ጎን ወደቆመ የመስታወት ገንዳ ወሰደኝ። ከገንዳው ጀርባ ያለው ግድግዳ የመጋዘኑ ግድግዳ ነው። እስረኞቹ የታጎሩት እዚያ ውስጥ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ገንዳው ክንድ ተኩል ያህል ይረዝማል። ካድሬው ከአዋሳ በጭነት መኪና አስመጥቶት፣ ከሐይቁ የተያዙ ጣት ጣት የሚያካክሉ ቆሮሶ የሚባሉ ዓሣዎች አስገብቶበታል። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። በየገበሬ ማኅበሩ የዓሣ ኩሬ ይቆፈራል፣ ከአዲስ አበባ ጎብኚዎች ይመጣሉ፣ ይህችን ገንዳ እንደ ናሙና ያሳያቸዋል። ውኃው ግን ጎመን የተቀቀለበት መስሏል፤ ሽታው በር ላይ ይቀበላል። ሁለት ዓሣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል፣ በሕይወት ያሉት የሟቾቹን ዓይን እየቦጨቁ ይበላሉ። ካድሬው ለምን እንዲህ ይሸታል ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ዓሣ ሲነሣ አፍ ላይ የምትመጣው ተረት አመለጠችኝ፤ ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው አልኩት። አጠገባችን የቆመው ዘበኛ ሳቀ። ካድሬው በቀኝ እጁ ጆሮ ግንዴን ሲለኝ መስኮቱ፣ ገንዳው፣ ዘበኛው አንድ ላይ ዞሩብኝ። ባለሙያ ነው፤ ጥፊው እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ዓይነት ነበር።

ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቀስ ብሎ አወራኝ። «ጎብኚዎቹ እስኪመጡ ይህን ውኃ አጥራ። ዓሣዎቹን በሕይወት ካገኘኋቸው ወንድምህን ይዘህ ትሄዳለህ። ለእናትህም ቢሆን ትንፍሽ ብትል አብረኸው ትገባለህ።» አዎ አልኩ። አመሰግናለሁም ብያለሁ፤ ሲያናድደኝ ይኖራል።

የመጀመሪያ ስሕተቴ ጥድፊያ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በዚያኑ ቀን ውኃውን በሙሉ ደፋሁት፤ አሸዋውንና ድንጋዩን በሳሙና ፈትጌ አጠብሁ፣ አዲስ ውኃ ሞላሁ። ገንዳው አብረቀረቀ። በማግስቱ ሦስት ዓሣዎች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ጠበቁኝ፤ ስምንት ቀሩ። የሞተ ዓሣ ሁሉ ከወንድሜ ዕድሜ አንድ ወር ቢቆርጥ ስንት ወር እንደሚቀረው መቁጠር ጀመርኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሽፋኑ የተገነጠለ የኮሌጅ መጽሐፌን አወጣሁና ለመጀመሪያ ጊዜ ለፈተና ሳይሆን ለሕይወት አነበብሁ።

ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ነው። ገንዳ መውጫ የሌለው ቤት ማለት ነው። ያልተበላ ምግብ ይበሰብሳል፣ የተበላውም ኩስ ይሆናል፣ ሁለቱም የትም አይሄዱም። መጀመሪያ መርዝ ሆነው የዓሣውን መተንፈሻ፣ ስንጥቡን ያቃጥላሉ፤ ቀጥለው ማዳበሪያ ይሆኑና አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ልጋግ ያፋፋሉ። አሸዋው ውስጥ መርዙን የሚያበርዱ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን አሉ፤ እነሱን ነው እኔ በሳሙና የጨረስኳቸው። ስለዚህ ሥራው ማጠብ ሳይሆን መቀነስ ነው። ምግብ በሁለት ቀን አንዴ፣ በሁለት ጣት ቁንጣሪ። ውኃ በየሦስት ቀኑ ሩቡን ብቻ መቀየር፣ አዲሱንም በበርሜል አሳድሮ። መስኮቱን በጆንያ ሸፈንኩ፣ ፀሐይ አልጌውን እንዳትቀልበው። ከወንዝ ዳር የውኃ ሣር ነቅዬ አምጥቼ አሸዋው ላይ ተከልሁ፣ ትርፉን ማዳበሪያ እንዲበላልኝ። ከገንዳው ጋር የመጣች አየር የምትነፋ ትንሽ ሞተር ነበረች፤ ግን መብራት ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚመጣ ቀኑን ሙሉ ዝም ትላለች።

ከታች የተጋገረውን ቆሻሻ የማወጣው በጎማ ቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ አሸዋው ላይ አስጠግቼ ሌላውን በአፌ እስብና ባልዲ ውስጥ እለቅለታለሁ። ብዙ ጊዜ ያንን ውኃ ጠጥቻለሁ። ቱቦዋን የሰጠኝ ዘበኛው ነው፤ ሌላም ሥራ ስላላት ስጨርስ እንድመልስ አስጠነቀቀኝ። ጫፏ ተተልትሏል። አንዳንድ ቀን ስመጣ ቆይ፣ ሥራ ላይ ናት ይለኛል። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ከግድግዳው ጀርባ መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ የጎማ ድምፅ፣ ከዚያ ሰው። ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግር ሲገርፉ የሚወጣው ጩኸት የማን እንደሆነ አይለይም፤ የገዛ ወንድሜን ድምፅ ለይቼ አላውቀውም። ቱቦዋ ስትመጣልኝ ሙቅ ናት። በባልዲ ውኃ አለቀልቃትና አፌ ውስጥ እከታታለሁ።

ውኃ የሚያመጡልኝ እስረኞች ነበሩ። እግራቸው አብጦ በተረከዛቸው የሚራመዱ ሰዎች ባልዲ ተሸክመው ከወንዝ ሲመጡ ቀና ብዬ አላያቸውም። አንዱ ባልዲውን ሲያስቀምጥ ጎንበስ እንዳለ «ወንድምህ በሕይወት አለ፣ እስካሁን አልተናገረም» ብሎኝ አለፈ። ኮራሁበት። ወዲያው ደግሞ ተናደድሁበት፤ ለሌላ ሰው ቤት ብሎ ነው የሚሞተው ብዬ።

ይህን ሁሉ አድርጌ ውኃው አልጠራ አለ። እኔ የምመጣው ከትምህርት ቤት ስወጣ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ በየቀኑ አሸዋው ላይ ነጫጭ ፍርፋሪ ተኝቶ አገኛለሁ። ዓሣዎቹም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው ይውላሉ። የተበከለ ውኃ አየር ስለሚያጣ ነው፤ ታፍነው ነው። አንድ ሞተ፤ ሰባት ቀሩ። ፍርፋሪውን የሚጥለው ዘበኛው ነው ብዬ ደመደምሁ። ደርሼ አንገቱን ያዝኩት። እሱ ደግሞ በሰደፍ ጎኔን አለኝ፤ ከወደቅሁም በኋላ ረገጠኝ። ደም እየተፋሁ የማስበው ስለ ፍርፋሪው ነበር። ካድሬው ከቢሮው ብቅ ብሎ አየን፣ ጎብኚዎቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚደርሱ ነገረኝና በሩን ዘጋ።

በሁለተኛው ቀን ተማሪዎቼን ከመጽሐፍ ገልብጡ ብዬ ጥያቸው በጠዋት ሄድኩ። ዘበኛው የአብዮት ጠባቂዎች ዕቃ ወደሚያስቀምጡበት ክፍል እንድገባ ፈቀደልኝ፤ ምን እንደማይ ያውቅ ስለነበር ፈገግ ብሏል። በሩን ወደ ኮሪደሩ ገርበብ አድርጌ የጎማ ቱቦዋን ይዤ ቆምሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ሴቶቹ መጡ።

የእስረኞች እናቶችና ሚስቶች ናቸው። ከሌሞም፣ ከሆመቾም፣ ከሺንሺቾም ድረስ የሚመጡ ነበሩ። በእንሰት ቅጠል የጠቀለሉትን ቆጮ ዘበኛው ይከፍታል፣ ለራሱ የሚፈልገውን ያነሣል፣ ጥቂት ወደ ውስጥ ያስገባል፣ የቀረውን ይመልስላቸዋል። እነዚህ ሴቶች ዘንድ ደግሞ ለታሰረ ሰው የወጣ ምግብ ተመልሶ ቤት አይገባም፤ ከገባ ሰውየው ሞቷል ማለት ነው። መንገድ ላይም አይጣልም። ታዲያ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ምን ያያሉ? አፋቸውን ከፍተው የሚለምኑ ሰባት ዓሣዎች። አንዷ ተነሥታ ቆረስ አድርጋ ጣለች። ሁለተኛዋ ተከተለች። በእኛ አገር የተራበ እያየ ምግብ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ከሰው አይቆጠርም፤ ዓሣም ቢሆን። በርኅራኄ እየገደሉብኝ ነበር።

ሦስተኛዋ እናቴ ናት።

እንደምትመጣ አውቃለሁ፤ በር ላይ ምግብ ሰጥታ የምትመለስ ነበር የመሰለኝ። በባዶ ሆዷ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ በእግሯ መጥታ የልጇን ቆጮ እየፈተፈተች ለዓሣ ታጎርሳለች። ድምፅ ዝቅ አድርጋ መናገር አታውቅም፤ ዕድሜዋን በሙሉ ከእንሰት ጓሮ ወዲህና ወዲያ እየተጣራች የኖረች ሴት ናት። በሀዲይኛ፣ ኮሪደሩን በሚሞላ ድምፅ፣ ወደ ገንዳው ጎንበስ ብላ ታወራለች። «ብላ፣ ልጄ፣ ብላ። እኔ ደህና ነኝ። ጥጃዋም አድጋለች። ብላና በርታ።»

ያን ጊዜ በሐሳቤ ያየሁት የወንድሜን አስከሬን ነው። የሷ እጅ በቆረሰ ቁጥር የሚሞት መሰለኝ። ዘልዬ ወጣሁ። እንድትተው ጮህኩባት፤ ዞር ብላ አየችኝና በጓሮዋ እንዳገኘችኝ ሁሉ በእርጋታ መለሰችልኝ። «አፉን ከፍቶ እየለመነኝ እንዴት ዝም ልበለው?» ብላ ደግማ እጇን ወደ ውኃው ሰደደች።

በቱቦዋ መታኋት። ክንዷን፣ ከአንጓዋ ላይ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ። በመምታት የተካነ ሰው ነኝ፤ የት እንደሚያርፍ ሳላውቅ መታሁ አልልም። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። በአግዳሚው ጠርዝ ላይ ወደቀች፣ ከግንባሯም ደም ወረደ። ሴቶቹ ተነሥተው ከበቡኝ። አንዲት አሮጊት ፊቴ ላይ ተፋችብኝ፤ ሌላዋ ሸሚዜ እስኪቀደድ ጎተተችኝ። ዘበኛው ጥርሱን እያሳየን ይስቃል። እናቴ ከመሬት ሳትነሣ ተዉት አለቻቸው። ልጄ ነው፣ አዳልጦኝ ነው አለች። በዓይናቸው ላዩት ሰዎች።

ይቅርታ አልጠየቅኋትም። በዚያች ሰዓት ይቅርታ አልነበረኝም፤ የነበረኝ ቁጣና ሰባት ዓሣ ብቻ ነበር። በጋሪ አሳፍሬ ወደ ወጌሻ ላክኋት፤ ዘበኛውን ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ሴት ኮሪደሩ ውስጥ እንዳትገባ፣ ሁሉም የግቢው በር ላይ ይጠብቁ ብዬ ለመንሁት። ሴቶቹ ከሚያመጡት ምግብ ድርሻውን የግቢው በር ላይም ስለሚያነሣ ለእሱ የሚጎድልበት ነገር የለም። እሺ አለኝ።

ውኃው መጥራት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን አሸዋው ታየ። በአምስተኛው ቀን ሽታው ጠፋ። የወንዙ ሣር አዲስ ቅጠል አወጣ፣ ዓሣዎቹም ከላይ ወርደው በሣሩ መካከል ይሽከረከሩ ጀመር። ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም፣ በጣም ደስ አለኝ። ቱቦዋን ግን ከዚያች ጠዋት በኋላ ለሦስት ቀን ሥራ ላይ ናት እየተባልሁ ጠብቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ስጠይቅ ወዲያው ትሰጠኛለች። ከግድግዳው ጀርባም ጸጥ አለ። መልካም ምልክት ነው ብዬ ወሰድሁት።

ጎብኚዎቹ መጡ። መስታወቱን አወልውዬ፣ ጫማዬን ጠርጌ ገንዳው ጎን ቆምሁ። አምስት ስድስት ሰዎች ኮሪደሩን ሲያልፉ ካድሬው ስለ ኩሬዎቹ ማስረዳት ጀመረ። ከመካከላቸው ትልቁ ገንዳውን አይቶ፣ ለጌጥ ደህና ናት፣ ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው አለ። ወደዚያው ሄዱ። የሰባት ዓሣ ጉብኝት በዚህ አበቃ፤ ኩሬም አልተቆፈረም።

ካድሬው ግን ቃሉን ጠበቀ። በማግስቱ ወንድሜን አወጡልኝ። መቆም አልቻለም፤ ሁለት እስረኞች ብብቱ ሥር ይዘው አምጥተው ጋሪው ላይ አስቀመጡት። ውስጥ እግሩ የተላጠ ሥጋ ነበር። ጥፍሮቹ ጠቁረዋል፣ ከፊት ጥርሶቹ ሦስቱ የሉም። አቅፌው ነበር፤ ሳቅፈው ጀርባው እርጥብ ሆነብኝ። ባለጋሪው ፈረሱን እንደመታ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ጥያቄ ነው።

«እማ መቼ ነው የተቀበረችው?»

ማን ሞተች አለህ አልሁት። ደህና ናት፣ ቤት እየጠበቀችህ ነው። አየኝ። ባለጋሪውን አቁም አለው፤ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ አስመለሰ፤ ሆዱ ውስጥ ምንም ስላልነበር ውኃ ብቻ ወጣ። ከዚያ እስከ ቤታችን፣ እስከ ሌሞ ድረስ ፊቱን ወደ ኋላ ወደ ከተማው አዙሮ ተጓዘ።

ቤት ገብቶ እጇን በቀርከሃ ታስራ ሲያያት አለቀሰ። እሷ ለእንስሳቱ ሣር ልታመጣ ስትወጣ ነገረኝ። በየጠዋቱ ድምፅዋ በግድግዳው በኩል ይገባ ነበር። ብላ ትላለች፣ በርታ ትላለች፣ የጥጃዋን፣ የገብሱን፣ የጎረቤቱን ወሬ ትነግረዋለች። ለአርባ ምናምን ቀን በዚያች ድምፅ ቆየ። ተሰቅሎ ሲገረፍ እንኳ ነገ ጠዋት ትመጣለች እያለ ጥርሱን ነክሶ ያሳልፈዋል። አንድ ጠዋት ግን ጩኸት ሰማ፣ ግርግር ሰማ፣ ከዚያ ድምፅዋ ተቋረጠ። በማግስቱም የለም። በሦስተኛውም የለም። መርማሪው ይህን አውቆ እናትህማ ኮሪደር ላይ ወድቃ ሞታለች አለው። አመነ። ለማን ብዬ ነው አለ። የሚሰበሰቡበትን ቤት ባለቤት ስም ሰጣቸው። ሆመቾ የሚኖር፣ አናጺ፣ የአምስት ልጆች አባት ነው። በዚያው ዕለት ወሰዱት። አልተመለሰም፤ አስከሬኑንም ያየ የለም።

ወንድሜ ይህን ጨርሶ ለምን ድምፅዋ ጠፋ ብሎ ጠየቀኝ። አዳልጧት እጇ ተሰብሮ ነው አልሁት። እናቴ ሣሩን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሰምታኛለች። ካድሬው ወንድሜን የለቀቀው ስለ ዓሣዎቹ ይሁን ስለ ስሙ አላውቅም እያልኩ ለብዙ ጊዜ ራሴን ሸነገልሁ። አውቃለሁ። ስሙን ካገኙ በኋላ ምን ያደርጉታል?

ከጥቂት ቀን በኋላ እናቴን ብቻዋን አግኝቻት ያንን ሁሉ ምግብ ለዓሣ ከመጣል ምን አገኘሽ አልኳት፤ አሁንም ጥፋቱን ወደ እሷ ላዞር እየሞከርሁ ነው። በደህና እጇ እሳቱን እየቆሰቆሰች ቀና ሳትል መለሰች። «ዓሣ ሀዲይኛ ይሰማል?»

ከእስረኛ ጋር መነጋገር ክልክል ነው። ከዓሣ ጋር ማውራት ግን ማንም አልከለከላትም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ባዮሎጂ ያስተማርሁት ሰው። እጇ ጠማማ ሆኖ ገጠመ። እስክትሞት ድረስ እንሰት መፋቅ አልሆነላትም፣ የሚጠይቃትንም ሁሉ ጭቃ ነው የጣለኝ ትል ነበር። እኔ ተማሪ መምታት ከዚያ ቀን አቆምሁ። ሰው ጠባዩ ተለወጠ ብሎ ሲያመሰግነኝ ይደብረኛል።

መንግሥቱ ሲወድቅ ወንድሜ ሆመቾ ልሂድ አለ። አንድ ጆንያ ስንዴ ተሸክሜ አብሬው ሄድሁ። የአናጺው ባለቤት ደጃፏ ላይ ነበረች። ወንድሜ በዚያ በተበላሸ እግሩ እያነከሰ ሄዶ ተንበረከከ፣ ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ፣ የባልሽን ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ አላት። ልጆቿ ወጥተው ቆሙ። ትልቁ እንጨት አንሥቶ ነበር፤ እናቱ ጣለው አለችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ አነሣችው፣ እሷም ታለቅስ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ጆንያውን ትከሻዬ ላይ እንዳደረግሁ ቆሜያለሁ። መናገር ይገባኝ ነበር፤ አልተናገርሁም። ወንድሜ እስከ ዛሬ አያውቅም፣ ይህን ሲያነብ ያውቃል።

ወደ ቤት አስገባችን። ቆጮ በእንሰት ቅጠል አቀረበች። ወንድሜ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ሲያለቅስ እኔን ዞር ብላ ማን እንደሆንሁ ጠየቀችኝ። ወንድሙ ነኝ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«አንተ ወንድምህን አልተውህም። እግዚአብሔር ይባርክህ። ብላ።»

በቤቷ ምግብ እምቢ ማለት ነውር ነው። በላሁ። ስጨርስ ጨምራ ቆረሰችልኝ፣ እሱንም በላሁት።